የዓይን ብሌን የሚነግረንና የማይነግረን

የሰውነት ምልክቶች የአእምሮን የሥራ ጫና ምን ያህል እንደሚያሳዩ ለምንመረምርበት ጥናት ፈቃደኛ የሆነች አንዲት ወጣት ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ የሚነገሯትን አኃዞች በቃሏ ስትይዝ፣ እኔ በስክሪኑ ላይ ጎልቶ የሚታየውን የዓይኗን ብሌን ስከታተል አረፈድኩ። እያንዳንዱ አኃዝ ሲጨመር ብሌኑ በትንሽ በትንሹ ይሰፋል፤ አኃዞቹ አልቀው መልስ እስክትሰጥ ድረስም እንደሰፋ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ በአንድ መልሳ ስትጠራቸው፣ ሸክሙን ከትከሻው ላይ እንደሚያወርድ ሰው፣ በየአኃዙ እየጠበበ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ጃክሰን ቢቲ ይህንኑ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ነገሩ የታወቀ ቢሆንም የሰው ሐሳብ በዓይኑ ላይ እንዲህ ተገልጦ ማየት ዛሬም ያስደንቀኛል።

የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። አኃዞቹ ልትይዝ ከምትችለው በላይ ሲበዙ ብሌኗ መስፋቱን አቆመ፤ ጥቂት ቆይቶም ይጠብ ጀመር። መልሶቿን ሳያይ የብሌኑን መጠን የሚያሳየውን መስመር ብቻ የሚያነብ ሰው ሥራው የቀለላት ሊመስለው ይችላል፤ መልሶቿ እንደሚያሳዩት ግን ነገሩ ከአቅሟ በላይ ሆኖባት መሞከሩን ትታው ነበር። ሰውነት የሚነግረን ሰው ምን ያህል እየጣረ እንደሆነ እንጂ ሥራው ምን ያህል እንደሚጠይቅ አይደለም፤ ስለዚህ የመልሱን ትክክለኛነት ከጎኑ ሳያስቀምጡ ልኬቱን ብቻ መተርጎም አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምልክቱ ራሱ እጅግ ስስ ነው። ብርሃን ብሌንን ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሊያጠብበውና ሊያሰፋው ሲችል፣ ሐሳብ የሚያመጣው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የስክሪኑ ምስል ትንሽ ከፈካ የፈለግነው ነገር ተውጦ ይቀራል። ሌሎቹም ምልክቶች የየራሳቸው ችግር አለባቸው። ሰው በከባድ ሐሳብ ሲጠመድ የልቡ ምት መለዋወጡ፣ ማለትም በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ከምት ምት መለያየቱ፣ ይቀንሳል፤ ይሁንና መናገርና የአተነፋፈስ መቀየርም ይህንኑ ልኬት ይለውጡታል። የመዳፍ ላብ የሥራን ክብደት ከፍርሃት ለይቶ አያውቅም፤ ለዚያውም ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በአንጎል ሞገድ በኩል ጫና ሲጨምር ከ4 እስከ 8 ኸርዝ (በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ዙር) ያለው ቴታ የተባለው ሞገድ በግንባር አካባቢ ይጎላል፤ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ያለው አልፋ የተባለው ሞገድ ደግሞ ይዳከማል፤ ጥርስን ነከስ ማድረግ ብቻ ግን የሞገዱን ቅጂ ያበላሸዋል።

በመጨረሻ ሳንድራ ሃርትና ሎዌል ስቴቭላንድ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙትን፣ ናሳ ቲኤልኤክስ የተባለውን፣ ሰው የተሰማውን የሥራ ጫና ራሱ የሚገምትበትን ባለስድስት መመዘኛ መጠይቅ ሞላች። ጥረቷን ብሌኗ ካሳየው ዝቅ አድርጋ ነው የገመተችው። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን ማሽኑን አምነን ሰውን መጠራጠር ይቀናናል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ መጠይቁ የሚይዘው ሥራው ካለቀ በኋላ በሰውየው ዘንድ የቀረውን ስሜት ሲሆን፣ ብሌኑ የሚያሳየው ሥራው እየተሠራ ሳለ የነበረውን ነው።

ለሠራተኛ ሁሉ አንድ የልኬት ወሰን ተበጅቶ፣ ያንን ያለፈ ሰው ‘ተጨናንቋል’ ይባል የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለውም ለዚህ ነው። ዕድሜ፣ እንቅልፍና የሚወሰድ መድኃኒት የእረፍት ጊዜውን ልኬት እንኳ ከሰው ሰው ያለያዩታል። ከነገ ጀምሮ ከሙከራው በፊት የምንወስደውን የእረፍት ልኬት እናረዝመዋለን፤ የእያንዳንዱ ሰው ውጤትም የሚነጻጸረው ከራሱ መነሻ ጋር ብቻ ይሆናል።