ሲታጠብ የጠፋው ሲግናል

አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የሲሊከን ናኖሽቦ ትራንዚስተር (ላዩ ላይ የሚያርፍን ቻርጅ በከረንት ለውጥ የሚያሳይ እጅግ ቀጭን ሽቦ) ላይ ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ተተክሎ፣ እሱን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን አቪዲን ይፈተሽ ነበር። ሽቦው ፒ-ዓይነት ነው፣ ማለትም ከረንቱን የሚሸከሙት ፖዘቲቭ ቻርጆች ናቸው፤ አቪዲን ደግሞ በፒኤች 7.4 ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ሲጣበቅ ከረንቱ መውረድ አለበት። ናሙናው እንደገባ ወረደ። ግራፉ ሪፖርት ውስጥ ሊገባ ሲል አንዷ ቴክኒሻን የእጥበቱን ክፍል አየችና "ተጣብቆ ከነበረ በምን ተላቀቀ?" አለች። ባዶ በፈር (ፒኤቹን የሚያጸና፣ ፕሮቲን የሌለው ፈሳሽ) ሲያልፍበት ከረንቱ ወዲያው ወደ መነሻው ተመልሷል። አቪዲንና ባዮቲን አንዴ ከተያያዙ ደግሞ በተራ በፈር እጥበት አይላቀቁም።

ጉዱ የተገኘው ናሙናው አዘገጃጀት ላይ ነው። በሙሉ ፒቢኤስ (ያልቀጠነ የፎስፌትና የጨው በፈር) ውስጥ የጨው አዮኖች የፕሮቲኑን ቻርጅ በ0.7 ናኖሜትር ርቀት ውስጥ ስለሚጋርዱት መለኪያው መቶ እጥፍ በቀጠነ ፒቢኤስ ይሠራል፤ እዚያ ርቀቱ 7 ናኖሜትር ገደማ ይደርሳል። የአቪዲኑ ክምችት ግን የተቀመጠው በሙሉ ፒቢኤስ ነው። ከእሱ 1 ማይክሮሊትር በ99 ማይክሮሊትር ቀጭን በፈር ሲበረዝ የጨዉ ልዩነት የሚጠፋ ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን የናሙናው ጨው ከመለኪያው በፈር 1.99 እጥፍ ሆኖ ይገኛል።

የፈሳሹ ፖቴንሻል የሚወሰንበት ማመሳከሪያ ኤሌክትሮዱም ፈሳሹ ውስጥ በቀጥታ የተነከረ ራቁት የብርና የብር ክሎራይድ ሽቦ ነበር። የጨዉ ክሎራይድ እጥፍ ሲሆን የዚህ ሽቦ ፖቴንሻል በ18 ሚሊቮልት ገደማ ይዛነፋል፤ ትራንዚስተሩ ይህን ከፕሮቲን ቻርጅ መለየት አይችልም። አቅጣጫው ከተጠበቀው ጋር መግጠሙ ነው ሁሉንም ያዘናጋው። የአቪዲን አምሳያ በሆነው በኔጌቲቩ ስትሬፕታቪዲን ቢሠራ ኖሮ ከረንቱ ከሚጠበቀው በተቃራኒው ስለሚሄድ ቶሎ ይነቃበት ነበር።

አሁን ናሙናው በጨው ማስወገጃ ኮለም ያልፋል፤ የሚወጣበትም በፈር መለኪያው ከሚጠቀምበት ከዚያው ጠርሙስ ነው፤ ኤሌክትሮዱም 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ በያዘ የራሱ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ከናሙናው በፊት ፕሮቲን የሌለው ቅልቅል ይላካል፣ ቀጥሎ በነጻ ባዮቲን የጠገበ አቪዲን። ይህኛው ፈተና ከሁሉም ይበልጣል፦ አራቱም የአቪዲኑ የባዮቲን መያዣዎች ስለተዘጉ ከረንቱ አሁንም ቢወርድ አቪዲኑ ባዮቲኑን ትቶ ሲሊከን ኦክሳይዱ ላይ እየተለጠፈ ነው ማለት ነው። የበፈሩ ፒኤችም በየጊዜው ይለካል፤ 0.1 ሚሊሞላር ፎስፌት የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያመጣውን አሲድ መቋቋም አይችልም።

የሚፈተሸው ዲኤንኤ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ፤ ጨው ሲያንስ ሁለቱ ኔጌቲቭ ክሮች ይገፋፋሉ። ስለዚህ ማጣመሩ በብዙ ጨው ይሠራና ታጥቦ ወደ ቀጭኑ በፈር ከተመለሰ በኋላ ከቀድሞው ንባብ ጋር ይነጻጸራል፤ ወይም ቻርጅ የሌለው ፒኤንኤ (ዲኤንኤን የሚመስል ሰው ሠራሽ ሞለኪውል) በመያዣነት ይተከላል።