መጫወቻ ማዋስ ስንጀምር

የልጄ መጫወቻዎች አልጋ ሥር አቧራ ለብሰው ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ግን ቤታችን በመጣች ቁጥር እነሱኑ ጎትታ ታወጣለች። መጫወቻዎቹ አላረጁም፤ ልጄ ነው ያደገው።

አራት ወላጆች ሆነን ያለንን ሰበሰብንና እንደ መጽሐፍ ማዋስ ጀመርን። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ብዙ ሰው ሥራ ባጣበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ መጫወቻ ለልጆች በውሰት ይሰጥ ነበር።

ብዙ ጊዜ የፈጀብን ማጣራቱ ነው። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚተርፈውን ካርቶን ያዝን። በቀዳዳው የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ያንቀዋል። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረም አንቀበልም። ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ የሰጠው ሰው ቢከፋውም ይመለስለታል።

ትልቁ ስህተታችን ቅጣቱ ነበር። ዕቃ ያጎደለ ይከፍላል አልን። አንድ ቀን አንዲት እናት የሚገጣጠም ሥዕል የያዘውን ከረጢት እንደታሰረ መለሰችልኝ።

«ልጁ አልወደደውም እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አላስነካሁትም። አንዱ ቢጠፋብኝስ ብዬ።»

በጣም ደነገጥኩ። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ያደርገዋል። እኛ ደግሞ ልጁ ፊት አስቀምጠን አትንካ ያልነው ያህል ነው። ቅጣቱን በዚያው ሳምንት አነሳን። አሁን የክፍልፋዮቹን ብዛት ከረጢቱ ላይ እንጽፋለን፤ ከጎደለ ቁጥሩን እናስተካክላለን። በቃ።

ሌላው የተማርኩት፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚዘፍነው መኪና ቶሎ እንደሚመለስ ነው። የእንጨት ብሎኮቹ ግን እጅ ላይ ይቆያሉ። ልጄ አንዷን ብሎክ ጠዋት ስልክ አድርጎ ሲያወራባት ቆይቶ ከሰዓት የሕፃን አልጋ አደረጋት። ሁሉን ራሱ የሚሠራ መጫወቻ ለልጁ ምን ይተውለታል? ስለዚህ አሁን ስንሰበስብ ብሎክ፣ ኳስ፣ አሻንጉሊትና የዕቃ ዕቃ መጫወቻ እናስቀድማለን።

ያ የሚገጣጠም ሥዕል በኋላ አንድ ክፍል ጎደለው፤ የቀጭኔዋ አንገት። የወሰደችው ልጅ ከካርቶን ቆርጣ፣ በቢጫ ከለር ቀብታ ሠራችለት። ትንሽ ወፈር ይላል፤ ግን ይገጥማል። ሁለት ልጆች ወረፋ ይዘውለታል።