አንድ ጉርሻ

ያን ጠዋት ሱሉልታ የወጣነው ጠመንጃው መንገድ ላይ አለመዛነፉን ለማየት ብቻ ነበር። የማስተረጉምለት ፈረንጅ በማግስቱ ወደ ባሌ ይሄዳል፣ የምኒልክ ድኩላ ሊያድን። ጥይቱን የሞላው ራሱ ነው፣ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ። ባሩዱን እየጨመረ እየቀነሰ ስንት ወር እንደሞከረ መኪና ውስጥ ሲያወራኝ መጣ። የመረጠው አረር ክብደቱ 165 ግሬን (11 ግራም ገደማ) ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ሩቅ ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደሚመታ ሳይቀር አስልቷል።

100 ሜትር ላይ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። የአንድ ብር ሳንቲም ሦስቱንም ቀዳዳ ሊሸፍን ምንም አልቀረው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ጋሼ ግን ኢላማውን አላዩም። ዱካ መሪያችን ናቸው፤ የሚያዩት እጁን ነው።

«አንተ ልጅ፣ ለምንድነው አንድ በአንድ የሚያጎርሰው?»

ጠየቅኩት። ካርታው (ጥይት የሚደረደርበት ማቀፊያ) ውስጥ አይገባም አለኝ። አረሩን ከቀለሁ ወጣ አድርጎ ነው ያስቀመጠው፤ ጫፉ በርሜሉ ውስጥ ወዳለው ጠመዝማዛ መስመር ሲጠጋ ምቱ ይሰበሰብለታል። ጠመንጃው የሚጎርሰው የሰርቲ ኦ ሲክስ ጥይት ሙሉ ርዝመቱ ከ84.8 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ነው ደንቡ። የሱ 87 ነው። እቤቱ ጠረጴዛ ተደግፎ ለሚተኩስ ምንም አይደል። ቆስሎ ቁጥቋጦ ለሚገባ ድኩላ ግን ሁለተኛው ጥይት ቶሎ ያስፈልጋል።

ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ጠመንጃው ሙሽራ ነው እንዴ፣ በጉርሻ የሚኖረው? የፋብሪካ ጥይት ይያዝ በለው!»

ሳቄ አመለጠኝ። ፈረንጁ «ምን አለ?» አለኝ።

እስቲ እናንተ ተርጉሙት። ሙሽራውን ብትተረጉሙ ጉርሻው ይቀራል። ደግሞ ስንት ወር የለፋበትን ነገር እኔ ነኝ የማፈርስበት?

«ጠመንጃህ ያምራል ነው የሚሉት» አልኩት።

ደስ ብሎት ጋሼን ጨበጣቸው። ጋሼም ምክራቸውን የተቀበለ መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ማታ አለቃዬ ሰማና ጮኸብኝ፤ «ኤርፖርት ላይ ጥይቱን አላየህም?» ኤርፖርት የሚመዘነው ክብደቱ ነው፣ ከ5 ኪሎ እንዳይበልጥ። ርዝመቱን ማን ይለካል? ጥይት በደረሰኝ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው።

ባሌ በአራተኛው ቀን ድኩላው ተገኘ። አንድ ጥይት። ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ ፈረንጁ በእጁ የያዘውን ሁለተኛ ጥይት አዩና፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል በለው» አሉኝ።

«ምን አለ?»

«እንኳን ደስ ያለህ ነው የሚሉት።»