በሳቅ መካከል የተደበቀ ፍንጭ

የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ሲባል ለብዙ አንባቢ ቶሎ ብሎ የሚታየው ጨለማ መንገድ፣ ሽጉጥ የታጠቀ መርማሪና በየገጹ የሚፈስ ደም ነው። እኔ የምወደው ሌላውን ወገን ነው። በውጭው ዓለም አንባቢዎች ዘንድ «ኮዚ ሚስትሪ» እየተባለ የሚጠራውን፣ ታሪኩ በአንዲት ትንሽ መንደር የሚፈጸመውን፣ ግድያው ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚቀረውን፣ መርማሪዋም ፖሊስ ሳትሆን ጡረታ የወጣች መምህርት ወይም ዳቦ ጋጋሪ የምትሆንበትን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ፈገግ የሚያሰኘውን ዓይነት ማለቴ ነው። ክረምቱ ገብቶ የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ሲሰበስብ፣ ጋቢ ደርቤ የማነበው በአብዛኛው ይህንን ነው።

ስለ እነዚህ መጻሕፍት የምሰማው ምስጋናም ሆነ ወቀሳ አንድ ነገር የሚስት ይመስለኛል። የሚያመሰግኑት ሰዎች «ያዝናናል» ብለው ያልፋሉ፤ የሚወቅሱትም «ቀልድ ነው እንጂ ቁም ነገር የለውም» ይላሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ቀልዱን ከታሪኩ ላይ አውልቀው ሊያስቀምጡት እንደሚችሉ ጌጥ ይመለከቱታል። በእኔ እምነት ግን በእነዚህ ልብወለዶች ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ቀልዱ ነው። ቀልዱ ከወጣ ምስጢሩ ራሱ ይፈርሳል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ከድርሰቱ ሕግ መነሳት ያስፈልጋል። ይህ የአጻጻፍ ዘይቤ በእንግሊዝ አገር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ባበበበት ዘመን፣ ሮናልድ ኖክስ የተባሉ ቄስና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ለወንጀል ልብወለድ ጸሐፊዎች ዐሥር ትእዛዛት አወጡ፤ በ1930 ደግሞ የዘመኑ ስመ ጥር ደራስያን ለንደን ላይ ማኅበር አቋቁመው አዲስ አባል በገባ ቁጥር ቃለ መሐላ ያስፈጽሙ ነበር። የትእዛዛቱም የመሐላውም ፍሬ ነገር፣ ጸሐፊው አንባቢውን እንዳያጭበረብር፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢውም አብሮ እንዲያየው የሚል ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ከባድ ሥራ ተሰጥቶታል ማለት ነው፤ ፍንጩን ዓይናችን ሥር ማስቀመጥ ግዴታው ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን አይተነው እንዳላየነው እንድናልፈው ማድረግ አለበት። ለዚህ ደግሞ ከሳቅ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ምሳሌውን ከእኛው አገር ልሥራው። ጣርማ በር አጠገብ ባለ አንድ መንደር የማኅበሩ ገንዘብ የተቀመጠበት ሣጥን ጠፋ እንበል። አንድ ጎረቤት በዚያ ማለዳ ከደጃፉ ቆሞ ሳለ ሌባው ሣጥኑን ተሸክሞ ከወንዙ ማዶ ሲሮጥ በዓይኑ በብረቱ እንዳየውና መልኩንም እንደለየው ይመሰክራል፤ የተጠረጠረው ሰውም ይያዛል። ከጥቂት ገጾች በኋላ ሰው ጠላ እየጠጣ ሲጫወት፣ አንዲት ተረበኛ ሴት እንዲህ ትላለች፦ «ሣጥኑ የጠፋ ለታ ጠዋት፣ በዚያ ጉም ውስጥ አህያዬን ፍለጋ ወጥቼ፣ ካጥሩ ሥር ጉብ ያለ ነገር ባይ አማቴ መስለውኝ ‹እንደምን አደሩ እማማ› ብዬ እጅ ነሣሁ፤ አህያዬ መሆኗን ያወቅሁት ስታናፋ ነው።» ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ አማትየዋ እዚያው ተቀምጠው ከሆነማ ሳቁ ይብሳል፤ አንባቢውም አማትና ምራቷ ምን እንደሚባባሉ ለማወቅ ገጹን ይገልጣል። ጉሙን ግን ማንም ልብ አላለውም። ሴትየዋ አጥር ሥር ያለች አህያ ከሰው መለየት ካቃታት፣ ያ ጎረቤት ወንዝ ተሻግሮ የሰው መልክ እንዴት ለየ? ከመቶ ገጽ በኋላ አንዲት አሮጊት ይህን ጥያቄ በሰው ፊት ሲያነሡ፣ አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ቀልድ እንደገና ያነበዋል፤ የዚህ ጊዜ ደስታ፣ ለእኔ፣ ከማንበብ ከሚገኙ ደስታዎች ሁሉ ከላይኛው ረድፍ የሚሰለፍ ነው።

ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን ሥልት ለመረዳት አይቸገርም፤ ሳቁ ሰም፣ ጉሙ ወርቅ ነው። ልዩነቱ፣ ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃልና ጆሮውን አቅንቶ ይፈልገዋል፤ በቀልድ ውስጥ ግን ወርቅ አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም። የሚስቅ ሰው ለዚያች ቅጽበት መጠበቁን ይተዋል። የዚህ ዘይቤ ጎበዝ ጸሐፊዎች ያቺን ቅጽበት አሳምረው ያውቋታል።

በዚህ ሚዛን ሲለኩ በየዓመቱ ከሚታተሙት ብዙዎቹ እንደሚወድቁ አልሸሽግም። ድመት፣ የኬክ አሠራርና የሹራብ ጥለት የሚበዛባቸው፣ ቀልዱ ለብቻው ምስጢሩ ለብቻው የሚሄድባቸው መጻሕፍት አሉ፤ እነርሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት አልወድም።

ቀልዱ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ መርማሪውን ይሰውረዋል። ሰው ከሚፈራው ሰው ፊት ይጠነቀቃል፤ ከሚስቅበት ሰው ፊት ግን አፉን አይገታም። እንግሊዛዊው ደራሲ ቼስተርተን ፈጥረው ታሪኮቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1911 በመጽሐፍ ያሳተሙላቸው ቄስ፣ አባ ብራውን፣ አጭርና ድቡልቡል ናቸው፤ ጃንጥላቸውን እንኳ በቅጡ መያዝ የማይችሉ ስለሚመስሉ ወንጀለኛው ይንቃቸዋል፤ እርሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን ኑዛዜ ሲሰሙ የኖሩ ናቸውና ኃጢአት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ያውቁታል። የነፍስ አባት ባለበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ምንም ማብራሪያ አያሻውም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1930 በልብወለድ ያስተዋወቀቻቸው አሮጊት ሚስ ማርፕልም እንዲሁ ናቸው፤ ሹራባቸውን እየሠሩ፣ በመንደራቸው ስላለ ሥጋ ሻጭ ወይም ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ የማይረባ የሚመስል ወሬ እያወሩ፣ ገዳዩን በዚያ ወሬ ይይዙታል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የኤርኩል ፖዋሮ ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሪስቲ በትውልድ ከተማዋ በቶርኪ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር፤ ስለ መርዝ ያላትን እውቀት ያገኘችውም በዚያ ነው። በዚያው ዘመን ከጀርመን ጦር ሸሽተው የመጡ የቤልጂየም ስደተኞች በከተማይቱ ተጠልለው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ለታተመው የመጀመሪያ ልብወለዷ መርማሪ ስትፈልግ ከእነርሱ መካከል አንዱን ፈጠረች። ፖዋሮ ጢሙን የሚያሽሞነሙን፣ አቧራ ሲያይ የሚሰቀቅ፣ ንግግሩ የሚያስቅ ባዕድ ነው፤ አገሬው ይስቅበታል፤ እርሱም በዚያ ሳቅ ሥር ሆኖ እውነቱን ያወጣል። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ባስጠለለው መንደር የተሰወረውን እውነት ሲያወጣ ማየት፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ከባድ ጥያቄ ማለፍ አልፈልግም። ሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት ብዙ ሐዘን አይቷል፤ በከተማችን ያሉ ተፈናቃዮች የሚያወሩት ሞት ከመጋረጃ በስተጀርባ የተፈጸመ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ግድያን ከፈገግታ ጋር የሚያቀርብ መጽሐፍ ማንበብ ይገባል ወይ? እኔ ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴም መሸሽ ያስፈልጋል የሚል አይደለም። ይህ ድርሰት ያበበው ሚሊዮኖች ካለቁበት ጦርነት ማግሥት ነው። በጦርነት የሚሞት ሰው በቁጥር ይነገራል፤ በእነዚህ ልብወለዶች ውስጥ ግን አንድ ሰው ብቻ ሞቶ መንደሩ በሙሉ ይታወካል፣ ሦስት መቶ ገጽም «ይህን ሰው ማን ገደለው፣ ለምን ገደለው» በሚል ጥያቄ ይሞላል። የሟቹ ጠባይ መጥፎ ቢሆን እንኳ (ብዙውን ጊዜም መጥፎ ነው) ሳይጠየቅለት አይቀርም። አንድም ሞት ሳይጠየቅ የማያልፍበት ዓለም ቀላል ነገር ሆኖ አይታየኝም፤ እስከ መጨረሻው ገጽ እንድንዘልቅ አቅም የሚሰጠን ደግሞ ያው ሳቁ ነው።

እነዚህን ታሪኮች ለእናቴና ለቡና ጎረቤቶቿ በአማርኛ እያወረድኩ መተረክ እወዳለሁ፤ ጥሩ ልብወለድ ከደካማው የሚለየውም በዚያ ቡና ላይ ነው። የእነርሱ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ «ወራሹ ማነው?» የሚል ነው። በርስትና በድንበር ሙግት ብዙ ቤተ ዘመድ በተለያየበት አገር ያደጉ ሴቶች ናቸውና ይህ አይደንቅም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመርማሪው ቀድመው ይደርሱበታል። ሁለተኛው ጥያቄያቸው ግን ደራስያኑን የሚያሳፍር ነው። አንድ ቀን ታሪኩን ገና እንደጀመርኩ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ጎረቤታችን፣ «ልጄ፣ ሰውየው ሞተ አልሽን፤ ማን አለቀሰለት ታዲያ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። በብዙዎቹ የእንግሊዝ መንደር ልብወለዶች አስከሬን በምዕራፍ ሁለት ይገኛል፣ በምዕራፍ ሦስት ሻይ ይጠጣል። ይህ የዘይቤው እውነተኛ ጉድለት ነው፤ በእኛ አገር የሚጻፍ ቢሆን ግን የሚታረም ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲያውም ከማረም ያለፈ ነው። በሰሜን ሸዋ መንደር ለሚጻፍ እንዲህ ያለ ልብወለድ፣ የምርመራው ቦታ ለቅሶ ቤቱ ራሱ መሆን አለበት። ጡሩምባ ሲነፋ መንደሩ ሁሉ ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ እስከ ሰልስት ሰው አይጠፋም፤ ተጠርጣሪዎቹን አንድ ቤት ውስጥ ለመሰብሰብ የእንግሊዝ ደራሲ የበረዶ ማዕበልና የተሰበረ ድልድይ ሲፈጥር፣ የእኛ ደራሲ ግን ልማዱ ይሰበስብለታል። የእድሩ ጸሐፊ ስም እየጠራ ቀሪውን ይመዘግባል፤ ማን ቀብር ላይ እንደነበረ፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን መቀጮ እንደከፈለ በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ይህን መዝገብ የያዘ፣ በእጅ ጽሕፈቱ የሚኮራ፣ በሳንቲም የሚከራከርና በዚህም ሰው ሁሉ የሚስቅበት አንድ ጸሐፊ ይታየኛል፤ ከእርሱ የተሻለ መርማሪ ከየት ይመጣል? በለቅሶ መካከል ሳቅ ቦታ የለውም የሚል ሰው ካለ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛውን ለማጽናናት የሚወራውን ጨዋታ አልሰማም ማለት ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ እንኳ በአገራችን አቻ አለው። በእነዚህ መጻሕፍት ፍጻሜ መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ሰብስቦ እውነቱን ያወጣል። በቀድሞው ዘመን በገጠር ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም፣ ካልታወቀም ካሳውን ሕዝቡ አዋጥቶ ይከፍላል። ሥርዓቱ በንጹሐን ላይ ግፍ ያመጣ ስለነበር እንዲመለስ የምመኘው አይደለም፤ ለልብወለድ ግን የዚህን ያህል የተዘጋጀ ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል። ዘይቤው በአፍሪካ ምድር ሊቆም መቻሉ ደግሞ ከተፈተነ ቆይቷል፤ አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በጻፋቸው ልብወለዶች፣ በቦትስዋና የምትኖር ፕሬሸስ ራሞትስዌ የተባለች ሴት አባቷ ያወረሷትን ከብቶች ሸጣ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች፤ ከብት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የመንዝ ወይም የመርሐ ቤቴ አንባቢ የዚያን ውሳኔ ክብደት ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ካለ፣ ከዘይቤው ልማዶች አንዱን አጥብቆ እንዲይዝ እለምነዋለሁ። በእነዚህ ልብወለዶች ነገር ሲበላሽ መንደሩ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው እንግዳውን ነው፤ ጥፋተኛው ግን በአብዛኛው ከራሱ ከመንደሩ፣ ከተከበሩት ሰዎች መካከል የሚገኝ ነው። ሣጥኑ በጠፋ ማግሥት ጣርማ በር ላይ የሚያዘው ሰው ከተፈናቃዮቹ መጠለያ የመጣ የቀን ሠራተኛ ይሁን፤ ከወንዙ ማዶ አየሁት ብሎ የመሰከረበት ጎረቤት ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ ይሁን፤ አሮጊቷም ስለ ጉሙ የሚጠይቁት ሙሴው ጽዋውን ይዞ በቆመበት ሰዓት ይሁን።