ከቆረሶ ቆዳ የቁስል መሸፈኛ ለመሥራት የደከምኩበት ዓመት

ፔሊካኖቹ ቀደሙኝ።

ገና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ፌስታል ይዤ ቆሜያለሁ። ቆረሶ የሚያጸዱት ሰውዬ ፊሌቶውን ወደ ሳፋ፣ ቆዳውን ወደ ውሃው ይወረውራሉ። ፔሊካኖቹ ከፊታቸው ተሰልፈዋል። «ኧረ ጋሼ፣ ለእኔ ያስቀምጡልኝ!» ስል ቆዳው አየር ላይ ነበር። አንዱ ፔሊካን ዋጥ አደረገው።

«ምን ሊሆንሽ ነው ልጄ? ድመት አለሽ?» አሉኝ።

«ለቁስል ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ቢላዋውና የቆረሶው የክንፍ እሾህ ጣታቸው ላይ ደህና ቦታ አልተዉም። «እንግዲያው መጀመሪያ ለእኔ ሥሪልኝ» አሉ።

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ነበር። ከምግብ ተረፈ ምርት ለቁስል የሚሆን ነገር መሥራት። መጀመሪያ የእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን አስቤ ነበር። ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን እሱን ከቅርፊቱ በጥፍር እየላጡ መመረቅ ዕድሜ ይጠይቃል። ጣና አጠገብ ተቀምጬ ደግሞ ዓሣን ማለፍ ነውር መሰለኝ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የቆዳችን ዋና ማገር ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሦስት ክር እንደ ገመድ ተገምዶ የተሠራ። ይህ ገመድ በሙቀት ሲፈታ ጄላቲን ይሆናል። ቅልጥም ተቀቅሎ መረቁ ሲያድር የሚረጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁስል የሚጠግኑ ሴሎች ደግሞ ተጣብቀው የሚሄዱበት ነገር ይፈልጋሉ። ኮላጅንም ጄላቲንም ለዚህ ይመቻሉ።

ብራዚል ውስጥ በፎርታሌዛ ከተማ ሐኪሞች በእሳት የተቃጠለ ሰው ላይ ከጀርም የጸዳ የቲላፒያ ቆዳ እንዳለ ያለብሳሉ። ያ ዓሣ የናይል ቲላፒያ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ከእኛው ቆረሶ ጋር አንድ ነው። የዓባይ ልጅ ብራዚል ድረስ ሄዶ ሐኪም ሆኗል፣ እዚህ ምንጩ ላይ ለፔሊካን ይጣላል። አይስላንዶች ደግሞ ኮድ ከሚባለው የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ቆዳ የሠሩት የቁስል መሸፈኛ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካን ፈቃድ አግኝቷል። እኔ የተመኘሁት ከዚያ ያነሰ ነው። ከቆዳው ጄላቲን አውጥቼ፣ እንደ ላስቲክ ስስ ሽፋን አድርጌ ማድረቅ። ጄላቲን በብዛት የሚሠራው ከአሳማና ከከብት ነው። የዓሣው ግን እዚህ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይጠየፈው ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ቤቴ ውስጥ አደረግኩት። ማፈሪያ ነው ግን ልናገረው። ቆዳውን እንደ ሾርባ ሁለት ሰዓት አንተከተክኩት። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ «ብዙም አይጎዳው» ብዬ ነበር። ጎዳው። ሙቀቱ ገመዱን ፈትቶ አልቆመም፣ ክሮቹንም በጣጠሳቸው። ያገኘሁት ፍሪጅ ውስጥ አድሮ እንኳ የማይረጋ ቡናማ ውሃ ነው። ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ «ምን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ብዙ ቀን ከተበላሸብኝ በኋላ የረጋልኝ አሠራር ይህ ነው። ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ መፋቅ። ቆዳውን አውራ ጣት ጥፍር በሚያህል መቆራረጥ። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በጥብጦ መዘፍዘፍ፣ በየ2 ሰዓቱ ውሃውን እየቀየሩ 6 ሰዓት። ይህ ኮላጅን ያልሆነውን ፕሮቲንና ሽታውን ይወስዳል። ከዚያ ማጠብ፣ ማጠብ፣ አሁንም ማጠብ። ቀጥሎ አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ፣ በጣም ቀጥኖ፣ 3 ሰዓት። ቆዳው እንደ ረጠበ ስፖንጅ ያብጣል። በደንብ ካላበጠ ወደ ፊት መሄድ ዋጋ የለውም። እንደገና ታጥቦ በ50 ዲግሪ ውሃ 6 ሰዓት ይቆያል። አይፈላም። አይቸኮልም። የቤተ ሙከራው ማጣሪያ ወረቀት በየ5 ደቂቃው ሲደፈንብኝ የእናቴን አሮጌ ነጠላ አራት እጥፍ አጥፌ አጠለልኩበት። ከዚያ የተሻለ ማጣሪያ እስከ መጨረሻው አላገኘሁም።

ከአንድ ኪሎ እርጥብ ቆዳ መጀመሪያ 40 ግራም ጄላቲን ብቻ አገኘሁ። ወራት ቆይቶ 120 ግራም ደረስኩ። ልዩነቱን ያመጣው ኬሚካሉ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ የአሲዱን መጠን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ከረምኩ፣ ውጤቱ ግን አንድ ቀን ይሠራል አንድ ቀን አይሠራም። አማካሪዬ ማስታወሻ ደብተሬን አገላብጠው «ቆዳው የተላጠበት ሰዓት የታለ?» አሉኝ። አልጻፍኩትም ነበር። ለካ የባሰው ጥፋት ቤተ ሙከራ ሳልገባ በፊት የሠራሁት ነው። ቆዳው ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ከተቀመጠ ባክቴሪያውና የራሱ ኢንዛይም ኮላጅኑን መብላት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጉ የተበላ አይመለስም።

ስለዚህ ውሃ ሞልቼ በረዶ ያደረግኳቸውን ሃይላንዶች በባልዲ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ጋሼ ቆዳውን ከቢላዋው ወደ በረዶው ይጥሉልኛል። ሰዓቱን እጽፋለሁ። ምርቴን ከሁሉ በላይ ያሳደገችው ይህች ናት።

ስለ ዋጋውም ላውራ። «ተረፈ ምርት ነው፣ በነጻ ነው» ብዬ ነበር በጽሑፌ ዕቅድ ላይ። ለሁለት ሳምንት በነጻ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዓሣ የሚያጸዱት ሌሎቹ ልጆች ዋጋ ጠየቁኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ቆዳውን ለይቶ ማስቀመጥ ሥራ ነው። በሁዳዴ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ቆዳ ሞልቶ ይተርፋል፤ ፋሲካ አልፎ በሬው ሲታረድ ደግሞ ግማሽ ባልዲ ለመሙላት ጠዋቱን ሙሉ መቆም አለ። በዚያ ሰሞን የአምባዛ ቆዳ ሞከርኩ። ስቡ ብዙ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ይሸታል። ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ሰኞ ስመለስ በሁዳዴ ያጠራቀምኩት ሦስት ኪሎ ቆዳ ፍሪዘር ውስጥ ቀልጦ ነበር። የእሱን ሽታ አልተርክም።

ወደ ሽፋኑ ልመለስ። 5 ግራም ጄላቲን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙቼ፣ እንዳይሰባበር ትንሽ ግሊሰሪን ጨምሬ፣ ሳህን ላይ አፍስሼ አደረቅኩት። ሁለት ቀን ቆይቶ ሲላጥ እንደ መስታወት ያሳይ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ከዚያ በሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ የጨው ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አሥር ደቂቃ አልቆየም። ጠፋ። ድካሜን በእውነት ውሃ በላው።

የዓሣ ጄላቲን ጠባዩ ይህ ነው፤ ከከብቱ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። እንዳይሟሟ ክሮቹን እርስ በርስ ማሰር ያስፈልጋል። ግሉታራልዲሃይድ በሚባል ኬሚካል አሰርኩት፣ እንደ ጫማ ሶል ጠነከረ። ግን ኬሚካሉ ለሴል መርዝ ነው፣ ትራፊው ቁስል ላይ ይቀራል። ለመጠገን የመጣ ነገር ቢመርዝ ምን ዋጋ አለው? በመጨረሻ ያለ ኬሚካል፣ አየር በተሳበበት ምድጃ ውስጥ በ105 ዲግሪ አንድ ቀን ሙሉ ማቆየት ሠራልኝ። ሽፋኑ በጨው ውሃው ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። ውሃ መጥጦ ያብጣል እንጂ አይፈርስም።

ማበጡን ወደድኩት። እኛ ያደግነው «ቁስሉ አየር ያግኘው፣ ይድረቅ» እየተባልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ላይ ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀው ቁስል፣ አየር ላይ ከደረቀው ቶሎ ቆዳ ለበሰ። ይህን ለእናቴ ነግሬያት እስካሁን አላመነችኝም።

አንድ ሰሞን የዘጌ ማር ልጨምርበት ብዬ ተነሳሁ። ማር ባክቴሪያ እንደሚገታ የታወቀ ነው፣ ጄላቲን ብቻውን ደግሞ ለባክቴሪያ ቀለብ ነው። ግን ከቀፎ የመጣ ማር ውስጥ በቀላሉ የማይሞቱ የባክቴሪያ ዘሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ለቁስል ተብሎ የሚሸጠው ማር በጋማ ጨረር የጸዳ የሆነው ለዚህ ነው። የእኔም ሽፋን ችግሩ ይኸው ሆነ። ዕቃ የምንቀቅልበት 121 ዲግሪ የእንፋሎት ማሽን ጄላቲኑን ያፈርሰዋል። አልትራቫዮሌት ላዩን ብቻ ይነካል። የጋማ ጨረር ማሽን ደግሞ በእጄ የለም። ስለዚህ ጽሑፌ ላይ «ለቁስል የሚሆን» የሚለውን ሰርዤ «ለቁስል መሸፈኛነት ሊጠና የሚችል» ብዬ ጻፍኩ። ፈታኞቹ ፊት ስቀርብ ያኮራኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ሴል ላይ አልሞከርኩም። እንስሳ ላይ አልሞከርኩም። ሰው ላይማ በፍጹም።

ይህን ለጋሼ ማስረዳት ከፈታኞቹ በላይ ከበደኝ። የመጨረሻ ቀን ሽፋኑን ወስጄ አሳየኋቸው። በብርሃኑ አሻግረው አዩት። «ይኼ የእኔ ቆዳ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። አመልካች ጣታቸውን ዘረጉ፣ አዲስ የተቆረጠ ነው፣ ገና ይደማል።

«በይ ለጥፊልኝ።»

«አይሆንም ጋሼ። ገና አልጸዳም፣ ያመረቅዝብዎታል።»

«ዓመት ሙሉ ቆዳ ሰጥቼሽ?»

ከቦርሳዬ ከፋርማሲ የገዛሁትን ፕላስተር አውጥቼ ጣታቸውን በንጹሕ ውሃ አጠብኩና ለጠፍኩላቸው። ሽፋኑን ግን አልመለሱልኝም። አጣጥፈው ኮት ኪሳቸው ከተቱት፣ ቢላዋቸውንም አነሡ። የሚቀጥለው ቆዳ ወደ ፔሊካኖቹ ሄደ።