ኮብል

ሰፈራችን ውስጥ ኮብል ማለት አድራሻ ሆኗል። "አስፋልቱን ጨርሰህ ኮብሉን ይዘህ ግባ" ካልነው ራይዱም፣ ለለቅሶ የመጣ ዘመድም አይጠፋውም፣ ኮብልስቶን ብሎ ሙሉውን የሚጠራ ሰው ራሱ እየቀነሰ ነው። እኔን የሚያመኝ ሌላኛው አጠራሩ ነው፣ "ተምረህ ምን ልትሆን፣ ኮብል ልትጠርብ?" የሚሉት። ትናንት ቡና ላይ አንድ ዘመዳችን ለታናሽ እህቴ ይሄንኑ አላት፣ ታላቅ ወንድሜ እዛው ቁጭ ብሎ።

ወንድሜ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲያጣ በጥቃቅንና አነስተኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ተደራጅቶ ጠርቧል፣ የዚህችው እህቴ የትምህርት ቤት ክፍያም በዛ ብር ነው የተከፈለው። ክፍያው በቁጥር ነበር፣ ድንጋይዋ በየጎኗ 10 ሳንቲሜትር አካባቢ መሆን አለባት፣ ከተንሻፈፈች አትቆጠርም። ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ስለደበደብከው ብቻ እሺ አይልም፣ የሚሰነጠቅበትን አገላብጠህ አይተህ ነው መሮውን የምታሳርፈው፣ ፍንጣሪው ዓይን ይገባል፣ ማታ እንጀራ ሊቆርስ ሲል ጣቶቹ አልታጠፍ ይሉት ነበር። አንጣፊዎቹ ደግሞ ሲባጎ ወጥረው፣ ተንበርክከው፣ አሸዋ ላይ አንድ በአንድ እየደረደሩ በመዶሻ መታ መታ ያደርጉና ክፍተቱን መልሰው በአሸዋ ይሞሉታል። በሲሚንቶ የተያያዘ አይደለም እኮ፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ ነው የሚቆመው፣ ለዛ ነው ዳሩ ላይ ያለው ጠርዝ ከተነቀለ መሃሉም መላላት የሚጀምረው። ይሄ ሙያ ነው፣ ስድብ የሚሆንበት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ነገሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ተሞክሮ ነው ወደ አዲስ አበባና ወደሌሎች ከተሞች የተዛመተው። እኛ ጋ ነዋሪው አዋጥቶ ነው የገባው፣ ከዛ በፊት እናቴ ክረምት ላይ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ጫማዋን በፌስታል ይዛ በቦቲ ነበር ከቤት የምትወጣው።

አሁን ለውሃ መስመር ተብሎ ግማሹ ተቆፍሯል። የመለሱትም አፈሩን ሳይጠቀጥቁ ስለሆነ ጎማ በረገጠው ቁጥር እየሰመጠ ነው፣ የተረፈው ድንጋይ አጥር ስር ተከምሯል። ቅዳሜ የሰፈሩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ የሚያውቅ አንጣፊ ይምጣልን ብዬ ላነሳ ነው፣ ወንድሜም አብሮኝ ሄዶ የቱ ጋ እንደተበላሸ ሊያሳያቸው እሺ ብሎኛል።