አይፎን ከነሎሌው

እኔ የወደድኩት የስልክ ሲስተም ዕድሜ የለውም። ሲምቢያን ያለው ኖኪያ ገዝቼ ገና ሳልጠግበው፣ ኖኪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ፊቱን ወደ ዊንዶውስ አዞረ። እሺ ብዬ እኔም ዞርኩ፤ ዊንዶውስ የሚሠራበት ሉሚያ ገዛሁ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2020 መጀመሪያ ላይ ጠቅልሎ ተወው። ቤተሰቦቼ «አንተ የያዝከው ነገር ፋብሪካው ይዘጋል» ይሉኛል። ስለዚህ አሮጌው ቴክኖዬ መስታወቱ ተሰንጥቆ ጣቴን መቁረጥ ሲጀምር፣ ቀጣዩን በጥናት እንጂ በስሜት አልገዛም ብዬ ማልኩ።

መምህር ነኝና ጥናቱ በማርክ ነበር። ደብተር አወጣሁ፣ ገጹን መሃል ለመሃል በቀይ እስክሪብቶ ከፈልኩና አንድ ጎን አንድሮይድ፣ አንድ ጎን አይፎን ብዬ ጻፍኩ። አንድሮይድ ጉግል ለብዙ ፋብሪካ የሚሰጠው ስለሆነ ቴክኖም፣ ሳምሰንግም፣ ኢንፊኒክስም ላይ አለ፤ እንደ ኪስህ ትገዛለህ። አሥር ከአሥር። አብዛኛው ሁለት ሲም ይይዛል፤ ብዙው ሚሞሪ ካርድም ይቀበላል። አይፎንን የሚሠራው አፕል ብቻ ነው፤ ሚሞሪ ካርድ የሚባል ነገር አያውቅም። ግን ለዓመታት አዲስ ሲስተም ይላክለታል፣ ካሜራውም የሚታማ አይደለም።

ኮሚቴም ነበረኝ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ሁልጊዜ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቦታ፣ የሒሳብ መምህሩ ለአንድሮይድ፣ የስፖርት መምህሩ ለአይፎን ጠበቃ ሆነው ይሟገታሉ።

«አይፎን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ቡናው ራሱ ቶሎ ይመጣል» ይላል የስፖርቱ።

«ሁላችሁም ፖሟ እንድትታይ በፊቱ ደፍታችሁ ነው የምታስቀምጡት። ታዲያ በየትኛው በኩል ነው የምትጠቀሙበት?» ይላል የሒሳቡ።

ከሦስት ወር ክርክር በኋላ ማርኩ ተደመረ። አንድሮይድ 83፣ አይፎን 79። ደረጃ አውጥቼ ፈረምኩበት። በሳምንቱ ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለና «አይፎን 7 ቀይሬ ቤት ተቀምጧል፣ ሰው እየመጣ ነው፣ ልላክልህ እንዴ?» አለኝ። አምስት ማርክ ጨመርኩለትና አለፈ።

ስልኩ ሲደርስ የሚያስጀምርልኝ ሰው ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ «አፕል አይዲ ልክፈትልህ፣ ኢሜይልህን ንገረኝ» አለኝ። ታክሲ ሊያመልጠኝ ነበር። «አንተ እንደመሰለህ ሙላው» አልኩት። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ፎቶዎቼ ደመና በሚሉት የአፕል የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ እንዲቀመጡም ከፈተልኝ፤ 5 ጊጋባይት በነጻ ነው፣ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ፎቶው አይጠፋም አለኝ። ካሜራውን ለመሞከር ብሎ ራሱን አነሳ፤ እኔንም ከጎን አነሳኝ።

አይፎን 7 የሚይዘው አንድ ሲም ብቻ ነው። ቴሌብር ያለበትን ሲሜን የት ላድርሰው? ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝቼ እዚያ ከተትኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግራ ኪሴ አይፎን፣ በቀኝ ኪሴ ሎሌው እየተከተለ እንሄድ ጀመር።

ጥር ላይ መንዝ ሠርግ ነበረን። የአክስቴ ልጅ ናት የምትዳረው፣ የስልኩ ላኪ ታናሽ እህት። ከሳምንት በፊት ቀድሜ ሄጄ ስልኩን ለአክስቴና ለአጎቴ አሳየሁ። ሽማግሌ ተቀምጦ አልተመከረበትም እንጂ ውሳኔው የሽማግሌ ነበር፦ ይህ ስልክ ካለ ቪዲዮ አንሺ ለምን ይቀጠራል? ለአንሺው የተያዘው ብር ወደ አንድ ተጨማሪ ሙክት ዞረ። የመንዝ በግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እኔም ጎድኑን በልቻለሁ፣ አልክድም።

የሠርጉ ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ አድሯል። ሙሽራው መጣ ሲባል ስልኩን አወጣሁና ገና አንድ ሁለት እንዳነሳሁ፣ 40 በመቶ ላይ ሆኖ ድርግም አለ። ብጫነው፣ ብለማመጠው፣ ወይ ፍንክች። አጎቴ በርኖሳቸውን እንደደረቡ መጡና ዓይተው፣

«ብርድ መትቶት ነው። ወዲህ በለው» አሉ።

ብብታቸው ሥር ከተው፣ በርኖሱን ጥቅልል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩ ነፍስ ዘራ። የሊትየም ባትሪ፣ ይልቁንም ያረጀው፣ ሲበርደው እንደሚደክምና ሲሞቀው እንደሚመለስ እኔ ያነበብኩት ኋላ ነው። አጎቴ ከግልገል ነው የተማሩት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ቴክኒሻን ቢኖር እሳቸው ናቸው። በዚያው ሎሌውንም ሰው ቢደውል እንዲያነሱልኝ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! 412 ፎቶ። ሙሽራዋ ስትመረቅ፣ እናቷ ስታለቅስ፣ ሚዜዎቹ ጠላ ደፍተው ሲጣሉ፣ ሁሉም ተነሥቷል። ዘመድ ሁሉ ስልኩን እያወጣ «በብሉቱዝ ወርውርልኝ» ይላል። እኔም እወረውራለሁ፤ የሚደርሰው የለም። አይፎን ፎቶን በብሉቱዝ ለአንድሮይድ እንደማይሰጥ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ ማርክ አልያዝኩለትም። «ማታ በቴሌግራም እልክላችኋለሁ» ብዬ ለሠላሳ ሰው ቃል ገባሁ። አንዲት እናት «ውድ ስልክ ነው ብላችሁ፣ ለሰው የማያካፍል!» ብለው ሄዱ።

እስክስታው ሲሞቅ ስልኩን ለእማዬ አስያዝኩ። እማዬ ለካ የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም ሲያስቸግራት «ዝም ይበልልኝ» ብላ ሰጥታዋለች። ስምንት ዓመቱ ነው። ጌም ፈለገ፤ ስልኩ ኮድ ጠየቀው፤ እሱም ሒሳብ ስለሚወድ ቁጥር መሞከር ጀመረ። ኮዱ ደጋግሞ ሲሳሳት ስልኩ በመጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቆይ ይላል፤ ሌላ ስትሞክር አምስት፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ አንድ ሰዓት። ትልቅ ሰው ቢሆን ይሰለቻል። ልጁ ግን ጥግ ይዞ ተቀምጦ ይጠብቃል። ምሳ ላይ ሳለሁ መጥቶ፣

«ጋሼ፣ 60 ደቂቃ መቼ ነው የሚሞላው?» አለኝ።

መምህር ነኝ፤ የሚጠይቅ ልጅ ደስ ይለኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳይቼ፣ ረጅሟ ዘንግ አንድ ዙር ዞራ እዚያው ስትመለስ ነው ብዬ፣ ሥጋዬን እያኘክሁ በደንብ አስረዳሁት። «ጎበዝ!» ብዬ ራሱንም ዳሰስኩት። ልጁ ዘንጓን ጠበቃት። አሥረኛው ሙከራ ላይ ስልኩ ለእሱም ለእኔም ለዘለዓለም ተዘጋ።

በማግስቱ ከእማዬ ጋር ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጭንቀቴን አየችው። «ፎቶው ጠፋ እንዴ?» አለችኝ።

«አይጠፋም እማዬ፣ ደመና ላይ ነው የተቀመጠው።»

ዝም አለች። ሞላሌን፣ መዘዞን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ገደሉን ሞልቶ መንገዱ ላይ ወጥቷል፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ይዳብሳል። እማዬ መስኮቱን በነጠላዋ ወልውላ ወደ ውጭ ታየች፣ ታየችና፣

«ደመናው ይሄ ነው?» አለች።

«አይደለም እማዬ፣ ሌላ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች።

ደብረ ብርሃን እንደገባሁ በቀጥታ ስልኩን ወዳስጀመረልኝ ልጅ። ኮምፒውተር ላይ ሰካውና «ጋሼ፣ ይሄ አይፈታም፤ የሚቻለው መደምሰስ ነው» አለኝ። ደመና አለ አይደል፣ ደምስሰው አልኩት። ደመሰሰው። ስልኩ ነቃና የአፕል አይዲውን የይለፍ ቃል ጠየቀ።

«የይለፍ ቃሉ?» አለኝ።

«አንተ ነህ የሞላኸው።»

«እኔ? በየትኛው ኢሜይል?»

ተያየን። ልጁ ለደንበኛ የሚከፍተውን ሁሉ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው፤ ከመሳቢያው ሥር ተፈልጎ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ስም የለበትም። «ጋሼ ጥቁር አይፎን» ይላል። ቀጥሎ «ጋሼ ጥቁር አይፎን»። ከዚያ «ጋሼ ጥቁር አይፎን፣ አጭሩ»። ለካ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንደ እኔ «አንተ እንደመሰለህ» ያለ ሰው ሞልቷል። ተራ በተራ ሞከርነው፤ የተከፈተው በአጭሩ ነው። ቅር አላለኝም፤ ፎቶዬ ብቻ ይምጣ።

ደመናው ተከፈተ። ሁለት ፎቶ አለበት። አንዱ ልጁ ፈገግ ብሎ፤ ሌላው የእኔ ጆሮ። ፎቶ ሽቅብ የሚወጣው ዋይፋይ ሲያገኝ እንዲሆን ነበር የተሞላው፤ ዋይፋይ ያለው ደግሞ እሱ ሱቅ ውስጥ እንጂ መንዝ ሠርግ ቤት አይደለም።

ለአክስቴ እንዴት እንደነገርኩ አልጽፍም። ሙክቱ ተበልቷል፣ የሚመለስ ነገር የለም። ስልኩን ዘግታብኝ ጆሮዬ ሲጮህ ግን አጎቴ በሎሌው ቁጥር ላይ ደወሉ።

«እኔም እኮ ያን ዕለት በዚያች በትንሿ አንድ አንስቻለሁ፤ ስመልስልህ አልነገርኩህም እንዴ?»

አዩልኝ ይህን! ባለ ቁልፏን ከፍቼ ብፈልግ እውነትም አንዲት ፎቶ አለች። በብሉቱዝ ለፎቶ ቤት ወረወርኳት፣ ወዲያው ደረሰች። ታጥባ፣ በመስታወት ፍሬም ገብታ፣ አሁን መንዝ አክስቴ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። በቀኝ በኩል የሙሽራዋ ቬል ጫፍ ይታያል። በግራ በኩል የአንድ ሚዜ ክርን አለ። መሃሉን ሞልቼ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አይፎኑን ከፍ አድርጌ፣ ሙሽራውን ሙሉ በሙሉ ከልዬ።